ቤቱን ዛሬ ልስጥ ወይስ ልናዘዝ?

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአረጋውያን ናቸው። ገሚሱን ራሳቸው ጽፈውታል፤ ገሚሱን የልጅ ልጅ ጽፎላቸዋል። አራቱን መርጬ አሳጥሬ አቅርቤያለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም። ደሴ ላይ ጥብቅና ስሠራ በየሳምንቱ የሚገጥመኝ ጉዳይ በመሆኑ የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔ የምኖረው ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለቤቴ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱን በትዳር ዘመናችን ሁለታችን ነን የሠራነው። አራት ልጆች አሉን። ሁለቱ ወንዶች አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዷ ጂዳ ናት። የመጨረሻዋ ግን ሥራዋን ትታ እኔን ታስታምማለች፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለብኝ። ቤቱን በስሟ ላዞርላት አስቤያለሁ፤ ወንድሞቿ አልሰሙም። የቅሬ (የዕድር) ወዳጆቼም ‹ቶሎ አድርጊው፣ ኋላ ይጣላሉ› ይሉኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ለእርስዎ የከፈለችውን ማየትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ሥራ ትቶ እናትን ማስታመም በገንዘብ የማይተመን ነው፤ ሕጉም እርስዎ ይህን ውለታ እንዲመልሱ መንገድ ይከፍትልዎታል። ነገር ግን ነገ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ስም ላዛውር ቢሉ አይሆንልዎትም፤ ቢሆንልዎትም አልመክርዎትም።

የማይሆንበት ምክንያት ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ስላልሆነ ነው። በትዳር የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ ግማሹ የእርስዎ ነው። የባለቤትዎ ግማሽ እሳቸው ባረፉ ጊዜ ለልጆቻቸው ተላልፏል። ይህ ብዙ ባልቴቶችን ያስደነግጣል፤ በአገራችን ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም። ልጆች እያሉ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው፤ ሚስት የራሷን ግማሽ ይዛ ትቀራለች። ስለዚህ እርስዎ ሊሰጡም ሊናዘዙም የሚችሉት በግማሹ ላይ ብቻ ነው። የአባታቸውን ግማሽ ልጆቹ እኩል እኩል ስለሚካፈሉት ለእያንዳንዳቸው የቤቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሥራዎ የባለቤትዎን የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይወጣ ቆይቶ ከሆነ ከዚህ በላይ አያቆዩት። የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃ አሁኑኑ አንድ ፖስታ ውስጥ ያኑሩ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ስጦታ እና ኑዛዜ በሰው አፍ አንድ ይመስላሉ፤ በሕግ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቤቱን በስጦታ ከሰጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው። ልጅዎ ደግ ናት፤ ይህን አልጠራጠርም። ነገር ግን ነገ ልታገባ ትችላለች፤ ዕዳ ሊገባባት ይችላል፤ አያድርገውና ከእርስዎ በፊት ልታርፍም ትችላለች። ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ አያውቁም። ኑዛዜ ግን እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ከእጅዎ አንዲት ቆርቆሮ አያወጣም። ሐሳብዎን ቢለውጡ ይሽሩታል፤ እንደገና ይጽፉታል። ቢሮዬ ለሚመጡ እናቶችና አባቶች ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው፦ የሚኖሩበትን ጣሪያ በሕይወት እያሉ ከስምዎ አያውጡት። ስጦታ ካልሆነ በቀር አይሆንም የሚሉ ከሆነ ደግሞ በውሉ ላይ እስከ ሕይወትዎ ፍጻሜ ድረስ በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ መብት፣ ሕጉ የአላባ መብት የሚለውን፣ ለራስዎ ያስቀሩ። ይህ ያልተጻፈበትን የስጦታ ውል አይፈርሙ።

ኑዛዜውን እንዴት ይጻፉ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ። ለእርስዎ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። ጽሑፉን እርስዎ እየተናገሩ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ዐይንዎ ቢደክምም ችግር የለም። ሲያልቅ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁላችሁም እዚያው ትፈርማላችሁ፤ መፈረም የማይችል ሰው ጣቱን ያትማል። ቀኑ መጻፍ አለበት። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጉድለት ነው፦ መነበቡ በጽሑፉ ላይ አይገለጽም። አራቱ ምስክሮች ኋላ ቀርበው «ተነቦልናል» ቢሉ እንኳ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ይከራከሩበታል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ እንዲህ ያስጽፉ፦ «ይህ ኑዛዜ በእኔ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከተነበበ በኋላ ሁላችንም ወዲያው ፈርመናል።» ኑዛዜው የሚደረገው ሥራው በሆነ የውል ሹም ወይም በዳኛ ፊት ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ አንዱ ባለሥልጣኑ ራሱ ነው።

ምስክሮቹን ሲመርጡ የሚወርስ ሰው፣ የወራሽ ባል ወይም ሚስት አይቁጠሩ፤ ለምስክር ወይም ለምስክር የቅርብ ዘመድ የተናዘዙት ነገር ይፈርሳል። ቅሬዎ ውስጥ ሰው አይጠፋም፤ ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንሱትን ይምረጡ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎ፦ ለቅሬው ዳኛ ወይም ለንስሐ አባትዎ «ቤቱ የእርሷ ነው» ብለው በቃል መንገርዎ ኑዛዜ አይሆንም። የቃል ኑዛዜ የሚፈቀደው ሞት በቀረበ ሰዓት ሁለት ምስክር ባለበት ሲሆን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትና እስከ 500 ብር ለሚደርስ ስጦታ ብቻ ያገለግላል። ቤት በቃል አይወረስም። እርስዎ ራስዎ በእጅዎ መጻፍ ከመረጡ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራስዎ ጽሑፍ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን ይናገር፤ በየገጹ ቀን ይጻፉና ይፈርሙ። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በውል ሹም ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ለልጅዎ ምን ያህል ሊተዉላት ይችላሉ? «ሁሉንም» ብለው ቢጽፉ ሌሎቹ ልጆች ከውርስ አልተነቀሉም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በግልጽና ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በመጻፍ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሌሎቹን የሚነቅሉበት ምክንያት ያለዎት አይመስለኝም። ድርሻው ከአንድ አራተኛ በላይ የጎደለበት ልጅ ኑዛዜው እንዲስተካከል ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን በቁጥር ላሳይዎት። ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ይገመታል እንበል፤ የእርስዎ 2 ሚሊዮን ነው። ያለ ኑዛዜ እያንዳንዱ ልጅ ከእርስዎ 500 ሺህ ብር ይወርስ ነበር። የዚህ ሦስት አራተኛ 375 ሺህ ነው። ለሦስቱ 375፣ 375 ሺህ ከተዉ 1 ሚሊዮን 125 ሺህ ይሆናል፤ ቀሪው 875 ሺህ ለአስታማሚዋ ይሆናል። ከአባቷ የደረሳት 500 ሺህ ሲጨመር 1 ሚሊዮን 375 ሺህ ብር ያህል የቤቱ ድርሻ ይኖራታል፤ ከቤቱ ሲሶ በላይ ማለት ነው። ለሌሎቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ከፍላ ቤቱን እንድታስቀር ቅድሚያ እንዲሰጣትም በኑዛዜው ላይ መግለጽ ይችላሉ።

ከዚህ የሚበልጥ መንገድም አለ። ልጆቹን ሰብስበው በሕይወትዎ ይንገሯቸው። «ወንድሞቿ አልሰሙም» ያሉት ነገር ነው ያሳሰበኝ። ብዙዎቹ ልጆች እህታቸው ያደረገችውን ያውቃሉ፤ ከተጠየቁ የአባታቸውን ድርሻ ጭምር ለእርሷ ይለቃሉ። ያስቆጣቸው ነገር ድርሻው አይደለም፤ ተደብቆ መደረጉ ነው። ሊለቁ ከፈቀዱ በቃል አይተዉት፤ በጽሑፍ ይሁንና ይረጋገጥ። ጂዳ ያለችው ልጅዎ እዚያው በኢትዮጵያ ቆንስላ ውክልና አረጋግጣ መላክ ትችላለች።

ጥያቄ፦ «የኩታበር ገበሬ ነኝ፤ ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። የይዞታ ደብተሩ በእኔና በባለቤቴ ስም ነው፤ የሁለታችንም ፎቶግራፍ አለበት። ማረስ ስላቃተኝ መሬቱን ለጎረቤት በእኩል ሰጥቼዋለሁ፤ የተዋዋልነው በቃል ነው። ትልቁ ልጄ ‹መሬቱን በስጦታ ይስጡኝ፣ እኔ እጦርዎታለሁ› ይላል። ካልሰጠሁ ደግሞ ‹ራስህ ካላረስክ መሬቱ ይወሰድብሃል› የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?»

መልስ፦ አባቴ፣ እውነት አይደለም። መሬቱ ጦም እንዲያድር አይተዉት እንጂ በእኩል መስጠት ወይም ማከራየት ይዞታዎን አያሳጣዎትም። የሚያሳጣዎት የቃል ውል ነው። ዛሬ በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት ነገ ልጁ ተተክቶ «አባቴ ሃያ ዓመት ያረሰው መሬት ነው» ሊል ይችላል። ውሉን በጽሑፍ አድርገው፣ የሚያበቃበትን ዓመት ጽፈው፣ በወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ባለቤትዎም ይፈርሙ፤ ደብተሩ የሁለታችሁ ነውና የእሳቸው ፈቃድ የሌለበት ውል ይፈርሳል።

ስለ ስጦታው ደግሞ፣ የገጠር መሬት ከከተማ ቤት የሚለይበትን አንድ ነገር ይወቁ። መሬት አይሸጥም፤ የይዞታ መብቱ ግን በስጦታም በኑዛዜም ይተላለፋል። ይህን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ አይደለም፤ በክልላችን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ፤ በፌዴራል ደረጃም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቷል። ስጦታውም ኑዛዜውም የሚጸናው በእርስዎ ድርሻ ላይ ብቻ ነው፤ የባለቤትዎን ግማሽ እርስዎ ሊሰጡት አይችሉም።

ልጅዎ «እጦርዎታለሁ» ማለቱ መልካም ነው፤ ግን ያለ ስጦታም የመጦር ግዴታ አለበት። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) መሠረት ወላጅ ሲቸገርና መሥራት ሲያቅተው ልጆች ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ቀለብ ማለት እህል ብቻ አይደለም፤ ልብስም፣ መጠለያም፣ ሕክምናም ነው። ግዴታው ከተማ የገባውንም ዐረብ አገር የሄደችውንም ልጅ ይጨምራል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ መሬቱን በሙሉ ከመስጠት በኑዛዜ አሰናድቼ በሕይወቴ ለልጄ በእኩል አሳርሰው ነበር። መስጠት ከፈለጉም ለቤትዎ ቅርብ የሆነውን ማሳ ለራስዎ አስቀርተው ሌላውን ይስጡ። በውሉ ላይም «ይጦረኛል» የሚል ባዶ ቃል አይጻፍ፤ በዓመት ስንት ኩንታል ስንዴና ባቄላ እንደሚያስገባ፣ የሕክምና ወጪ ማን እንደሚችል፣ ባለቤትዎን እርስዎ ካረፉ በኋላም እንደሚጦር፣ ካልፈጸመ ውሉ እንደሚፈርስ ይጻፍ። ልጁ ይህን ለመፈረም ከከበደው፣ የከበደው ምን እንደሆነ እርስዎ ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ «ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ሐጅ ያደረግሁ ሙስሊም ነኝ፤ ባለቤቴ ወደ አኼራ ሄዳለች። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አሉኝ። ልጅቱ ክርስቲያን አግብታ ሃይማኖቷን ለውጣለች። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ለዒድም ለፋሲካም እንጠያየቃለን። የእናታቸው ድርሻ ተከፋፍሎ አልቋል። እኔ ስሞት ግን ወንድሞቿ ‹በሸሪዓ አትወርስም› ብለው ባዶ እጇን ያስቀሯታል ብዬ እሰጋለሁ። ሃይማኖቴንም መጣስ አልፈልግም።»

መልስ፦ ሐጂ፣ ወሎ ውስጥ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሁለት ሃይማኖት መቀመጡ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። በጥንቃቄ ልመልስልዎት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ ነው። ልጅዎ ካልፈቀደች ወንድሞቿ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስዷት አይችሉም። በመደበኛው ፍርድ ቤት ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ያወርሳል፤ ሃይማኖትም አይጠይቅም። አራተኛውን እጅ ትወስዳለች። ስለዚህ ባዶ እጇን አትቀርም።

ይሁንና እርስዎ የጠየቁኝ እንዳትቀር ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖትዎንም መጠበቅ ይፈልጋሉ፤ ወንድማማቾቹም በፍርድ ቤት ደጃፍ እንዲሳደቡ አይሹም። ለዚህ ወሲያ (የሸሪዓ ኑዛዜ) አለልዎት። በሸሪዓ ሰው ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው መናዘዝ ይችላል። ልጅዎ በሸሪዓው ዐይን ወራሽ ባትሆንም በዚያው ምክንያት ወሲያ ልትቀበል ትችላለች፤ ለሌላ እምነት ተከታይ ዘመድ ወሲያ ማድረግን አብዛኞቹ ፉቀሃዎች (የሸሪዓ ሕግ ሊቃውንት) ይፈቅዳሉ። ዕዳዎና የቀብር ወጪዎ ከተቀነሰ በኋላ ከቀረው ሲሶውን ለእርሷ ቢናዘዙ፣ ቀሪው ሁለት ሲሶ ለሦስቱ ወንዶች እኩል ይደርሳል፤ ለእያንዳንዳቸው ከመቶ 22 ያህል ማለት ነው። አሁን ይህን በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንመዝነው። የእያንዳንዱ ልጅ መደበኛ ድርሻ ከመቶ 25 ነው፤ የዚህ ሦስት አራተኛ 18 ከ75 ነው። ሃያ ሁለቱ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ኑዛዜ በሁለቱም ሕግ ይጸናል፤ ወንዶቹ በየትኛው ፍርድ ቤት ቢሄዱ የሚያፈርሱበት ቀዳዳ አያገኙም። ሲሶ መስጠት ከበዛብዎት አራተኛውን እጅ ይናዘዙላት፤ ያው ይሠራል።

ጽሑፉን ለደሴዋ እናት እንደነገርኳቸው በአራት ምስክሮች ፊት ያስነብቡ። ከመጻፍዎ በፊት ከሚያምኗቸው ዓሊም ጋር ይምከሩበት። ከጻፉ በኋላም ልጆቹን ከአበጋር ጋር አስቀምጠው ያንብቡላቸው። አበጋሮቻችን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ እርስዎ በአፍዎ የተናገሩትን ወንዶች ልጆችዎ እነሱ ባሉበት ከሰሙ ኋላ ለመካድ ያፍራሉ።

ጥያቄ፦ «ከወልድያ ነኝ፤ ጡረተኛ ነኝ፤ ልጅ የለኝም። ጡረታዬን እንዲያወጣልኝ ብዬ ለእህቴ ልጅ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼው ነበር። አሁን ቤቴን አስይዞ ሊበደር ነው ሲሉ ሰማሁ። መሻር እችላለሁ? ላስቀይመው ግን አልፈልግም።»

መልስ፦ ይችላሉ፤ ምክንያት እንኳ እንዲሰጡ አይጠየቁም። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል።

መጀመሪያ የውክልናውን ቅጂ አውጥተው ያስነብቡ። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ችግሩ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉት ቃላት ሳይነበቡ ይፈረምባቸዋል። እነዚህ ካሉ ነገ አይበሉ፤ ዛሬ ይሂዱ። ውክልናው ወደተረጋገጠበት ጽሕፈት ቤት ሄደው የሽረት ሰነድ ያስመዝግቡ። ሽረቱን የማያውቅ ሦስተኛ ወገን በቅን ልቦና ከተዋዋለ እርስዎን ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው አይስጡ፤ በቀጥታ ለራሱ ለተወካዩ፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለሚበደርበት ባንክ ፊርማ አስቀብለው ይስጡ። ዋናውን የቤት ካርታ ከእጁ ይቀበሉ።

ስለ ማስቀየም፦ ልጁን ቁጭ አድርገው ራስዎ ይንገሩት፤ ከሌላ ሰው አይስማ። ጡረታዎን ማውጣቱን እንዲቀጥል ከፈለጉም በዚያው ቀን ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ልዩ ውክልና ይስጡት፤ ቤትና ንብረት የሚል ቃል አይግባበት። ደብዳቤዎ ላይ ቤቱ በማን ስም እንዳለና ካርታው የት እንደሚገኝ አልጻፉልኝም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ መታወቂያዎንና የውክልናውን ቁጥርና ቀን ይዘው ይሂዱ፤ ቅጂው ከጠፋብዎ እዚያው መዝገብ ላይ ይገኛል።